የአኩሪ አተር እሸትና የደረቀው ፍሬ፤ ስለ ልዩነታቸውና ስለ አሰነዳዳታቸው

መስከረም ጠብቶ ደመናው ሲገፈፍ የእሸትን በረከት ከልጅነቱ ጀምሮ ያላየ ሰው በአገራችን ከቶ አይገኝም። በቆሎው ተቀንጥሶ በፍም ላይ ይጠበሳል፤ ባቄላውን በማሳው ዳር ቆመው እየፈለፈሉ ይበሉታል፤ ሽምብራውም ዘግየት ብሎ በታኅሣሥና በጥር ወራት ከነሥሩ እየተነቀለ በእስር በእስር ለገበያ ይቀርባል፤ መንገደኛም እየገዛ ጥሬውን እየቆረጠመ ይሄዳል። እሸት ጥሬውን ቢበሉት ይጣፍጣል እንጂ ይጎዳል የሚል አሳብ በማናችንም ልብ አያድርም። እኛም ይህን ልማድ ለመንቀፍ አልተነሣንም። ነገር ግን ልማዱ እንዳለ ወደ አኩሪ አተር ማሳ የተሻገረ እንደ ሆነ ጉዳት ያመጣል። ስለዚህ በዚህ ወር ጽሑፋችን የአኩሪ አተር እሸት ከደረቀው ፍሬ በምን እንደሚለይ፣ በምንስ እንደሚመሳሰል፣ ሁለቱም እንዴት ተሰናድተው ሊበሉ እንደሚገባ ለአንባብያን ለመግለጽ እንወዳለን።

የአኩሪ አተር የትውልድ አገሩ ምሥራቅ እስያ ነው፤ በቻይና ምድር በሺህ ለሚቆጠሩ ዓመታት ሲዘራ ኖሯል። ወደ ኢትዮጵያ የገባው ግን በአውሮፓ አቆጣጠር በ1950ዎቹ ዓመታት ስለ ሆነ፣ ከባቄላና ከሽምብራ ጋር ሲተያይ ለገበሬአችን ገና እንግዳ ነው ለማለት ይቻላል። ዛሬ በጅማ፣ በወለጋና በመተከል አካባቢ ይዘራል። ስሙ አተር ይባል እንጂ ጠባዩ የአተር አይደለም። አተር፣ ባቄላና ምስር በፍሬአቸው ውስጥ በይበልጥ የሚያከማቹት ስታርች የሚባለውን የዱቄት ባሕርይ ነው፤ አኩሪ አተር ግን በዚያ ፈንታ ፕሮቲንና ቅባት ያከማቻል። የአኩሪ አተር ዱቄት ለብቻው ወጥ ሲሠራበት እንደ አተር ሽሮ የማይወፍረው በዚህ ምክንያት ነው። ይህን ያየች የቤት እመቤት ዱቄቱ የተበላሸ ሊመስላት ይችላል፤ የእህሉ ጠባይ ነው እንጂ ብልሽት አይደለም።

እሸት የምንለው የትኛውን እንደ ሆነ አስቀድሞ መለየት ያስፈልጋል። የአኩሪ አተር ቅርፊት ደቃቅ ጠጕር የለበሰ ሲሆን በውስጡ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ወይም ሦስት ፍሬ ይይዛል። ፍሬዎቹ አድገው ቅርፊቱን ሲሞሉ፣ ነገር ግን ቅርፊቱም ፍሬውም ገና ለምለም ሳሉ፣ ያን ጊዜ እሸት ነው። ከዚያ በኋላ ቅጠሉ መቢጨት ይጀምራል፤ ፍሬው ውኃውን እያጣ ይጠነክራል፤ ቅርፊቱም ቡናማ ይሆናል። ተክሉን ነቅነቅ ሲያደርጉት ፍሬው በቅርፊቱ ውስጥ ሲንኳኳ የተሰማ እንደ ሆነ ደርቋል ማለት ነው። እሸቱ ለመቀንጠስ የሚመችበት ጊዜ ጥቂት ቀናት ብቻ በመሆኑ፣ ገበሬው ዛሬ ነገ ሲል ሊያልፈው ይችላል። በመልክ ብቻ መፍረድም አይገባም፤ ከአኩሪ አተር ዘሮች መካከል ፍሬው ከደረቀ በኋላ እንኳ አረንጓዴ መልኩን እንደ ያዘ የሚቀር አለና። እሸትነቱ የሚታወቀው በልስላሴውና በውኃነቱ ነው።

ይህን እሸት ከሁሉ ይልቅ የለመዱት የሩቅ ምሥራቅ ሕዝቦች ናቸው። ቻይኖች ቅርፊቱን አይተው ማው ዶው፣ ማለት ጠጕራሙ ባቄላ ይሉታል፤ ጃፓኖች ደግሞ ከነቅርንጫፉ እየተቆረጠ ለገበያ ይቀርብ ስለ ነበር ኤዳማሜ፣ ማለት የቅርንጫፍ ባቄላ ብለው ይጠሩታል። ኒቺረን የተባለ የጃፓን መነኵሴ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1275 ዓ.ም. ኤዳማሜ በስጦታ ለላከለት ሰው የምስጋና ደብዳቤ መጻፉ ልማዱ ምን ያህል የቆየ እንደ ሆነ ያሳያል። እኛ ቆሎን ከጠላ ጋር እንደምናቀርብ፣ ጃፓኖችም ዛሬ ይህን እሸት ከቢራ ጋር ለእንግዳ ያቀርቡታል። ከእነርሱ ልንማረው የሚገባው ዋናው ነገር ግን ጥሬውን አለመብላታቸው ነው። ከነቅርፊቱ በጨው ውኃ ይቀቅሉታል፤ ከዚያም ፍሬውን ከቅርፊቱ እየጨመቁ ያወጡና ይበላሉ፤ ቅርፊቱንም ይጥላሉ።

አሁን ወደ ምግብነታቸው እንመለስ። ከቅርፊቱ የወጣ 100 ግራም ጥሬ እሸት ብንመዝን በውስጡ 67 ግራም ያህል ውኃ፣ 13 ግራም ያህል ፕሮቲንና 7 ግራም ያህል ቅባት እናገኛለን። ከደረቀው ፍሬ 100 ግራም ብንመዝን ደግሞ ውኃው ከ9 ግራም አይበልጥም፤ ፕሮቲኑ ከ36 ግራም ያልፋል፤ ቅባቱም 20 ግራም ይደርሳል። ይህን የተመለከተ ሰው ደረቁ ከእሸቱ ሦስት እጥፍ ያህል የበለጸገ ነው ብሎ ለመፍረድ ይቸኩላል። አስተውሎ የሚያይ ሰው ግን በዚህ አይታለልም። ከሁለቱም ውኃውን ቀንሰን የቀረውን ብቻ ብናስተያይ፣ በእሸቱም ሆነ በደረቁ ከ100 እጅ 40 እጅ ያህሉ ፕሮቲን፣ ከ20 እጅ ጥቂት የሚበልጠው ደግሞ ቅባት ሆኖ ይገኛል። እንግዲህ ትልቁን ልዩነት ያመጣው ውኃው ነው እንጂ የፍሬው ባሕርይ አይደለም። ደግሞም ደረቁን ደረቅ እንዳለ የሚበላ ሰው የለም፤ ሲቀቀል ውኃ ጠጥቶ ክብደቱ ከእጥፍ በላይ ያድጋል። ያን ጊዜ ከ100 ግራም የተቀቀለ ደረቅ አኩሪ አተር የሚገኘው ፕሮቲን ወደ 17 ግራም ዝቅ ይላል፤ ከተቀቀለው እሸት ደግሞ 12 ግራም ይገኛል። በሳሕን ላይ ሲቀርቡ ሁለቱ በገበያ ላይ የሚመስሉትን ያህል የተራራቁ አይደሉም።

በገንዘብ ረገድ ግን ነገሩ ሌላ መሆኑን ሳንሸሽግ መናገር ይገባናል። ከነቅርፊቱ የተገዛ አንድ ኪሎ እሸት ሲፈለፈል ግማሽ ያህሉ ቅርፊት ሆኖ ይጣላል፤ ከቀረው ውስጥም ሁለት ሦስተኛው ውኃ ነው። በዚህ አኳኋን ከአንዱ ኪሎ እሸት የሚገኘው ፕሮቲን 65 ግራም ያህል ሲሆን፣ ከአንድ ኪሎ ደረቅ ፍሬ ግን ከ360 ግራም በላይ ይገኛል። ስለዚህ ብዙ ልጆች ያሉት፣ ገቢው አነስተኛ የሆነ ቤተሰብ ገንዘቡን በደረቁ ላይ ቢያውል ይሻለዋል ብለን እናምናለን። እሸቱ የጎመንና የአትክልት ወገን ሆኖ ሊቈጠር ይገባል፤ ደረቁ ግን የእህል ጎተራ ነው። ማሳ ላለው ሰው ደግሞ ፍርዱ ይለወጣል። አሮጌው እህል አልቆ አዲሱ ገና ባልተሰበሰበበት በዚያ በከባዱ ወቅት፣ ከአጨዳው ሳምንታት ቀድሞ ከማሳው ዳር ጥቂት መደብ እሸት መቀንጠስ ለቤተሰቡ ትልቅ ድጋፍ ነው።

ውኃው ብቻ የማያስረዳቸው ሌሎች ልዩነቶችም አሉ። በ100 ግራም ጥሬ እሸት ውስጥ ቪታሚን ሲ የሚባለው 29 ሚሊግራም ያህል ይገኛል፤ ሲቀቀል ወደ 17 ሚሊግራም ይቀንሳል። ተቀቅሎ ለመብል በቀረበው ደረቅ ፍሬ ግን 2 ሚሊግራም እንኳ አይሞላም። ይህ ቪታሚን ድድን ከመድማት የሚጠብቅ ከመሆኑም በላይ፣ ከእህል የሚገኘው ብረት ወደ ደም እንዲገባ ይረዳል። በቍጥር ብቻ ስንሄድ ደረቁ ፍሬ ከእሸቱ የበለጠ ብረት አለው፤ ነገር ግን ፍሬው እየበሰለ ሲሄድ ፋይቴት የሚባል ነገር በውስጡ ይከማቻልና፣ ይህ ነገር ብረቱን ይዞ ለሰውነታችን በቀላሉ አይለቀውም። ስለዚህ የደረቀ አኩሪ አተር ወጥ ሲቀርብ አጠገቡ ቲማቲም ወይም ቃሪያ ቢኖር፣ ከገበታም በኋላ ብርቱካን ቢበላ መልካም ነው።

የጣዕሙ ልዩነት ምክንያትም ይኸው የብስለት ጕዞ ነው። እሸቱ ጣፋጭ የሆነው ተራውን ስኳር በብዛት ስለ ያዘ ነው። ፍሬው ሲደርቅ ራፊኖስና ስታኪዮስ የሚባሉ ሌሎች የስኳር ዓይነቶች ይበዙበታል፤ እነዚህንም የሰው አንጀት ሊፈጫቸው ስለማይችል፣ በትልቁ አንጀት ያሉ ጥቃቅን ሕያዋን ይመገቧቸውና ጋዝ ይፈጥራሉ። ደረቁ ሆድ የሚነፋው፣ እሸቱ ግን የሚቀለው ስለዚህ ነው። ደረቁን አሳድሮ የዘፈዘፉበትን ውኃ መድፋት ይህን ችግር በከፊል ያቃልላል።

አንዳንድ ሰው ደረቁን ውኃ ካጠጣሁት ወደ እሸትነቱ ይመለሳል ብሎ ያስብ ይሆናል። አይመለስም። ውኃው ይመለሳል፤ ስኳሩና ቪታሚኑ ግን በመዘፍዘፍ ብቻ አይመለሱም። ባቄላን በቆልት ለማድረግ እንደሚደረገው ደረቁን ፍሬ አርሶ፣ አልብሶና አጎንቍሎ ቢያቆዩት ግን ቪታሚን ሲ እንደ ገና ይፈጠርበታል፤ የቻይናና የኮርያ ሰዎችም በክረምት አትክልት ሲያጡ ይህን ዘዴ ይጠቀማሉ። እርሱም ቢሆን ሳይበስል አይበላም።

ከዚህ ቀጥሎ ያለውን አንባብያን በጥሞና እንዲያነቡልን እንለምናለን። የምንበላው ፕሮቲን ወደ ሰውነታችን ከመግባቱ በፊት ከቆሽት በሚመነጨው ትሪፕሲን በሚባለው መፍጫ መፈጨት አለበት። ጥሬ አኩሪ አተር ግን ይህን መፍጫ አስሮ ሥራውን የሚከለክል ባሕርይ አለው። እንዲህ ያለው ነገር በባቄላና በሽምብራም ጥቂት አይጠፋም፤ በአኩሪ አተር ግን እጅግ ይበዛል። ኦዝቦርንና ሜንደል የተባሉት የአሜሪካ ሊቃውንት በአውሮፓ አቆጣጠር በ1917 ዓ.ም. ባሳተሙት ጽሑፍ፣ ጥሬ አኩሪ አተር የተመገቡ አይጦች በሚገባ እንዳላደጉ፣ ያንኑ እህል አብስለው ሲሰጧቸው ግን እንዳደጉ ገልጸዋል። ኩኒትስ የሚባል ሌላ ሊቅም በ1945 ዓ.ም. ያን ከልካይ ነገር ከፍሬው ለይቶ አወጣው። ደግነቱ ይህ ነገር እርጥበት ያለበትን የእሳት ኃይል አይችልም፤ በሚገባ ሲፈላ ይጠፋል። በእሸቱም በደረቁም ውስጥ ስለሚገኝ ሁለቱም እሳት ሳይነካቸው ሊበሉ አይገባም። ልጆች ከባቄላ ማሳ እንደ ለመዱት የአኩሪ አተር እሸት እየፈለፈሉ እንዳይበሉ ወላጆች ሊነግሯቸው ይገባል። አንድ ሁለት ፍሬ የቀመሰ ልጅ ምንም ላይሰማው ይችላል፤ እፍኝ ሙሉ የበላ ግን ሆዱ ሊነፋ፣ ሊያቅለሸልሸውና ሊያስቀምጠው ይችላል።

እሸቱን ለማብሰል ብዙ ድካም የለበትም። ቅርፊቱ ጠጕራም በመሆኑ አፈርና አቧራ ይይዛልና በንጹሕ ውኃ እያሹ ማጠብ፣ ከዚያም አስቀድሞ በሚንተከተክ የጨው ውኃ ውስጥ መክተት ነው። በቀዝቃዛ ውኃ ጥዶ ቀስ በቀስ ማሞቅ ግን የጥሬ ባቄላ ጠረን ያመጣበታል። ውኃው እንደ ገና መፍላት ከጀመረ በኋላ በቆላ 7 ደቂቃ፣ በደጋ 10 ደቂቃ ያህል ይበቃዋል። ጊዜው ይህን ያህል ያጠረው ፍሬው ራሱ ውኃ የተሞላ ስለ ሆነና ትኵሳቱ ፈጥኖ ወደ ውስጡ ስለሚገባ ነው። ከተቀነጠሰበት ሰዓት ጀምሮ ጣፋጭነቱ እየቀነሰ ስለሚሄድ በዚያው ዕለት ቢቀቀል ይመረጣል። ማቀዝቀዣ በሌለበት ቤት የተቀቀለ እሸት ማሳደር አይገባም። ደግሞም ለደረቅ ፍሬ ተብሎ የተዘራ ማሳ የተባይ መርዝ የተረጨበት ሊሆን ስለሚችል፣ በመርዙ ዕቃ ላይ የተጻፈው የመቆያ ቀን ሳያልፍ ከዚያ ማሳ እሸት መቀንጠስ ክልክል ነው። ይህን ጕዳይ ብዙዎች ይዘነጉታል፤ አጨዳው ሩቅ ቢሆንም እሸቱ ቅርብ ነውና።

የደረቀው ፍሬ ግን ትዕግሥት ይጠይቃል። ተለቅሞና ታጥቦ በሦስት እጥፍ ውኃ ሌሊቱን ይዘፈዘፋል፤ ጧት ውኃው ይደፋና በአዲስ ውኃ ይጣዳል። በባሕር ጠረፍ ውኃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሲሆን፣ እንደ አዲስ አበባ ባለ ከፍተኛ ቦታ ግን በ92 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ፣ የደጋ ሰው ድስቱ ሲንተከተክ አይቶ መቸኰል አይገባውም። ፍሬው እስኪለሰልስ ሁለትና ሦስት ሰዓት ሊፈጅ ይችላል፤ በሁለት ጣት ሲጫኑት ያለ ድካም የሚፈርጥ እንደ ሆነ ያን ጊዜ በስሏል። ቆሎ ማድረግ የሚወድ ሰውም አስቀድሞ ዘፍዝፎ፣ ጠፍ አድርጎ፣ በመጠነኛ እሳት ቀስ ብሎ ይቁላው። ደረቁን እንዳለ በኀይለኛ እሳት ላይ ያደረገ እንደ ሆነ ውጪው ያርራል፣ ውስጡ ጥሬ ይቀራል። አንዱን ፍሬ ለሁለት ከፍሎ ማየት ጥርጣሬን ያስወግዳል።

በጾም ወራት ከአኩሪ አተር ወተት የሚያዘጋጁ ቤተሰቦች በዝተዋል፤ ይህም የሚደገፍ ነው። ነገር ግን ይህ ወተት ገና ሳይፈላ አረፋው ቀድሞ ገንፍሎ የሚነሣ ጠባይ አለው። አረፋውን ያየ ሰው ፈልቷል ብሎ ያወርደዋል፤ ውስጡ ግን ጥሬ ነው፤ የጠጣውም ሰው ያቅለሸልሸዋል፣ ያስታውከዋልም። አረፋው ሲነሣ እሳቱን ቀነስ አድርጎ ማማሰል፣ በእውነት መንተክተክ ከጀመረ በኋላም ቢያንስ 10 ደቂቃ፣ በደጋም ከዚያ የበለጠ ማቆየት ያስፈልጋል።

ከሁሉ ይልቅ የምንሠጋው ለሕፃናት ነው። በቆሎ፣ ስንዴና ጤፍ ላይሲን የሚባለው የፕሮቲን ክፍል ያንሳቸዋል፤ አኩሪ አተር ይህን አብዝቶ ስለ ያዘ የእህልን ጕድለት ይሞላል። ለብዙ ዓመታት የስንዴና የአኩሪ አተር ዱቄት ሲቀላቀልበት የኖረው ፋፋም የተመሠረተው በዚህ አሳብ ላይ ነው። ነገር ግን ለእንዲህ ያለው ምግብ በፋብሪካ የሚሰናዳው የአኩሪ አተር ዱቄት አስቀድሞ በእሳት ኃይል የታከመ ነው፤ እናት በቤቷ ጥሬውን ወደ ወፍጮ ሰድዳ ያስፈጨችው ግን አይደለም። ጥሬው ዱቄት በችኰላ በተገነፋ ገንፎ ውስጥ የገባ እንደ ሆነ፣ ልጁን ለማወፈር የታሰበው ምግብ ራሱ ሳይፈጭ ያልፋል፤ እናትም ብዙ ፕሮቲን እየሰጠሁት ለምን አልወፈረም እያለች ትጨነቃለች። ስለዚህ ፍሬው ተዘፍዝፎ፣ ግማሽ ሰዓት ያህል ፈልቶ፣ ታሽቶ ገለባው ከወጣለት በኋላ፣ በፀሐይ ደርቆና ቆላ ቆላ ተደርጎ ይፈጭ። ሦስት እጅ የእህል ዱቄት ከአንድ እጅ የአኩሪ አተር ዱቄት ጋር ይቀላቀል፤ ገንፎውም በሚገባ ይብሰል። ይህም ዕድሜው 6 ወር ለሞላው ልጅ ነው፤ ከዚያ በፊት የእናት ጡት ብቻውን ይበቃዋል። በመጀመሪያ ጊዜ ጥቂት አቅምሶ ማየት ያስፈልጋል፤ ጥቂቶች ሕፃናት አኩሪ አተር ስለማይስማማቸው ሰውነታቸው ሽፍ ይላል ወይም ያስታውካቸዋል። እንዲህ ያለ ምልክት ከታየ ምግቡን አቁሞ ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድ ነው።

የደረቀው ፍሬ በሚገባ ከደረቀና ከመሬትና ከግድግዳ በራቀ ንጹሕ ጆንያ ከተቀመጠ ወራት ይቆያል። ዱቄቱ ግን እንደዚያ አይደለም። ቅባቱ ከአየር ጋር ስለሚገናኝ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ የከረመ ዘይት ይሸታል፣ ይመርራልም። በየጊዜው ለሁለት ወይም ለሦስት ሳምንት የሚበቃውን ያህል ብቻ ማስፈጨት፣ ክዳን ባለው ደረቅ ዕቃ ማኖር፣ ገንፎ ከመገንፋትም በፊት ቆንጠር አድርጎ መቅመስ ይገባል፤ የመረረውን ለሕፃን አይሰጡትም።